ራዲያተሩ ወደ ላይ ሲወጣ ፓምፑ ለምን አይደክምም?

«ራዲያተሩን ወደ ላይ ካወጣኸው ፓምፑ ውሃውን ሽቅብ መግፋት ያቅተዋል፤ ጉልበተኛ ፓምፕ ጨምርበት።» ቴክሳስ የሚኖር ወዳጄ ይህን ምክር ከአንድ መለዋወጫ ሻጭ ተቀብሎ፣ ገንዘቡን ቆጥሮ ሊሰጥ ሲል ነው የደወለልኝ። ወሬው ለጆሮዬ አዲስ አልነበረም። ጭቃ ውስጥ መንዳት በሚወዱ ሰዎች መካከል ለዓመታት ሲዞር የኖረ፣ ሲሰሙት እውነት የሚመስል፣ ለሻጭ ደግሞ የሚመች ወሬ ነው። ውሃ በራሱ ሽቅብ እንደማይሄድ ማን ያጣዋል? ነገር ግን በሞተር ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለው ውሃ የሚወጣውን ያህል ይወርዳል፤ ወሬው ይህችን ግማሽ ዘሏት ነው የሚያወራው። ገንዘብ ማስወጣቱ ሳያንስ፣ ራዲያተር ከተዛወረ በኋላ ሞተር የሚያቃጥለውን እውነተኛ ጠላት ያስረሳል። ጠላቱ አየር ነው።

መነሻውን በአጭሩ ልለፈው። በአሜሪካ ደቡብ፣ በቴክሳስ፣ በሉዊዚያናና በሚሲሲፒ፣ ባለ አራት ጎማ ሞተሮችን (ኤቲቪ) እና ነጂና ተሳፋሪ ጎን ለጎን የሚቀመጡባቸውን አነስተኛ የእርሻና የጫካ መኪኖች (ዩቲቪ) እስከ ወለላቸው ጭቃ ውስጥ እየዘፈቁ መንዳት የታወቀ መዝናኛ ነው። አብዛኞቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ራዲያተራቸው ከፊት ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ጭቃው በራዲያተሩ ስስ ክንፎች መካከል ይሞላል፤ ሞተሩ ሲግል ደርቆ ይጋገራል። ጭቃ ሙቀት ስለማያስተላልፍ ነው የሚሉ አሉ። እሱም አለ፤ ዋናው ግን መተላለፊያው መዘጋቱ ነው። ራዲያተር ሙቀቱን የሚያስረክበው በመካከሉ ለሚያልፈው አየር ነው፤ አየር ካላለፈ ከአሉሚኒየም ተሠራ ከወርቅ ለውጥ የለውም። ስለዚህ ባለቤቶቹ ቤታቸው ጓሮ ውስጥ ራዲያተሩን ይነቅሉና፣ በኤቲቪ ከፊት የዕቃ መጫኛው ላይ፣ በዩቲቪ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመቀመጫው ኋላ ከፍ አድርገው ይሰቅሉታል። የእብድ ሥራ አይደለም። የካናዳው ቢአርፒ ኩባንያ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2011 ሞዴሉ ካን-አም አውትላንደር ኤክስ ኤምአር ላይ ራዲያተሩን ከፊት መጫኛው ላይ አውጥቶ ከፋብሪካ ሸጦታል።

አሁን ወደ ፓምፑ። የሞተር ማቀዝቀዣ የተዘጋ ዑደት ነው። ውሃው ከሞተሩ ወጥቶ በአንደኛው ማኒኮቶ (ወፍራም የጎማ ቱቦ) ወደ ራዲያተሩ ይወጣል፤ በሌላኛው ወርዶ ፓምፑ ጋ ይደርስና እንደገና ሞተሩ ውስጥ ይገባል። የሚወጣው ውሃ ክብደት አለው፣ ፓምፑን ይጫነዋል። የሚወርደውም ያንኑ የሚያህል ክብደት አለው፣ ፓምፑን ከኋላ ያግዘዋል። በጉድጓድ መዘውር ላይ በአንድ ገመድ ጫፍና ጫፍ የታሰሩ፣ እኩል የተሞሉ ሁለት ባልዲዎችን ማሰብ ነው፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል፣ የሚስበው ሰው የሚታገለው ከባልዲው ክብደት ጋር ሳይሆን መዘውሩ ላይ ካለው ፍትጊያ ጋር ብቻ ነው። ራዲያተሩ በ60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል የሚወጣው የውሃ ዓምድ 60 ይጨምራል፣ የሚወርደውም 60 ይጨምራል፤ ተጣፍተው ዜሮ። አንድ ሜትር ቢሆንም ዜሮ።

እንዲያውም ከፍታው ፓምፑን ይጠቅመዋል። 60 ሳንቲ ሜትር ውሃ ከሥሩ ባለው ነገር ላይ ወደ 0.06 ባር ግፊት ይጨምራል። የፓምፑ መግቢያ ደግሞ በዑደቱ ውስጥ ግፊት ከሚያንስባቸው ቦታዎች ዋነኛው ነው፤ የጋለ ውሃ የእንፋሎት ፊኛ ማውጣት ከሚጀምርባቸው ቦታዎችም አንዱ ነው። 0.06 ባር ትንሽ ናት፤ ግን ለፓምፑ የምታደላ ትንሽ ናት።

ሌላም ምርቃት አለ። የጋለ ውሃ ከቀዘቀዘው ይቀላል። በ95 ዲግሪ የሚወጣውና በ80 ዲግሪ የሚወርደው ውሃ በጥግግት የሚለያዩት 1 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ በዚያችው በ60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 6 ሚሊ ሜትር ያህል የውሃ ዓምድ ግፊት በነፃ ይገኛል። ኢምንት ነው ማለት ይቻላል። ሆኖም እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1927 በ15 ሚሊዮን ብዛት የተመረተው ፎርድ ሞዴል ቲ፣ ከመጀመሪያዎቹ 2,500 ገደማ መኪኖች በስተቀር፣ ከፋብሪካ የውሃ ፓምፕ አልነበረውም። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በዚሁ በኢምንቱ ግፊት ነበር። ሽቅብ መውጣት ውሃን የሚያደክም ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ መኪና ከበሩ ባልወጣ ነበር።

ታዲያ ፓምፑ የሚታገለው ከምን ጋር ነው? ከፍትጊያ። ቱቦው ሁለት እጥፍ ሲረዝም የቱቦው ፍትጊያ ሁለት እጥፍ ይሆናል፤ ይህ ይቻላል። የማይቻለው መጥበብ ነው። ውሃው እየተናወጠ በሚሄድበት ቱቦ ውስጥ የግፊቱ ኪሳራ ከውስጥ ዲያሜትሩ አምስተኛ ርቢ ጋር በተቃራኒው ይሄዳል፣ ወይም ወደዚያው ይጠጋል። በተራ ቋንቋ፣ ውስጡ 10 በመቶ ብቻ የጠበበ ቱቦ ያንኑ ውሃ ለማሳለፍ ከ60 በመቶ በላይ ተጨማሪ ግፊት ይጠይቃል። «ሱቁ ውስጥ የነበረው ይኸው ነው» ተብሎ የተገጠመ ቀጠን ያለ ቱቦና የተጣጠፈ ክርን ከማንኛውም ከፍታ የባሰ ፓምፑን ያስጨንቁታል። በተለይ ከራዲያተሩ ወደ ፓምፑ የሚወርደው ቱቦ ለስላሳ ከሆነ፣ ሞተሩ ሲጮህ በፓምፑ የመሳብ ኃይል ይጨመደድና ይዘጋል። ሞተሩ ሲቆም ተመልሶ ይነፋል፤ ኮፈን ከፍቶ የሚያይ ሰው ምንም አያገኝም። ለዚህ ነው ቀጥ ያለውን ክፍል በአሉሚኒየም ቧንቧ፣ መታጠፊያውን ብቻ በጎማ ማኒኮቶ መሥራት የሚሻለው።

የሙቀትና የፍሰት ነገር እንጀራዬ ስለሆነ እዚህ ላይ ጠንቀቅ ልበል፤ የሙያ ባልደረቦቼም አይለቁኝም። እስካሁን ያልኩት በውሃ ሞልቶ ለሚዞር ዑደት ነው። በሞተሩ ጉልበት የሚዞር ፓምፕ ሞተሩ ዝግ ሲል ፍሰቱ ይወርዳል፤ ራዲያተሩ ከፊት ተነስቶ እስከ ኋላ በሄደበት ዩቲቪ ላይ ቱቦው በጣም ስለሚረዝም ረዳት የኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚያዋጣበት ጊዜ አለ። ክፍያው ግን ለርዝመት ነው፣ ለከፍታ አይደለም። ደግሞ «ውሃው ሲፈጥን ራዲያተሩ ውስጥ ለመቀዝቀዝ ጊዜ አያገኝም» የሚል ሌላ ክርክር አለ። እያንዳንዷ ጠብታ ጊዜ ማጣቷ እውነት ነው። ሞተሩ ውስጥ ለመጋልም ግን ጊዜ አጥታለች፤ በደቂቃ የሚያልፉት ጠብታዎችም በዝተዋል። ራዲያተሩ ከላይ እስከ ታች በአማካይ የበለጠ ስለሚግል ለአየሩ የሚሰጠው ሙቀት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ጥቅሙ እስከ ምን ድረስ ይዘልቃል በሚለው ላይ እኛም እንከራከራለን፤ ከአንድ ደረጃ በኋላ ማነቆው አየሩ ይሆናልና ውሃውን ማፍጠን እምብዛም አይጨምርም።

አገር ቤት ጋራዦች ውስጥ «ቴርሞስታቱን ንቀለውና ጣለው» የሚለው ፈሊጥም ከዚሁ ክርክር ጋር ይያያዛል። ቴርሞስታቱ ተነቅሎለት የባሰ የጋለ ሞተር መኖሩን አልክድም። ምክንያቱ ግን የውሃው መፍጠን አይደለም። በብዙ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን በር ሲከፍት አቋራጩን ይዘጋል። ሲነቀል አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ ውሃውም ራዲያተሩን ሳያይ ወደ ሞተሩ ይመለሳል።

አሁን ወደ አየሩ። ባልዲዎቹ እኩል የሚሆኑት ዑደቱ ሙሉ በሙሉ በውሃ ሲሞላ ብቻ ነው። የሞተር ውሃ ፓምፕ ክንፎቹን እያሽከረከረ ውሃውን ከመሐል ወደ ዳር የሚወረውር ዓይነት ነው፤ የሚፈጥረው ግፊት በሚያሽከረክረው ነገር ጥግግት ይወሰናል። አየር ደግሞ በተለመደው ሁኔታ ከውሃ 800 እጥፍ ገደማ ይቀላል። ስለዚህ አየር የዋጠ ፓምፕ ምንም ሳይሰበር፣ በትክክል እየዞረ፣ ምንም አይገፋም። ሻጩ «ፓምፑ አቃተው» የሚለው ይህን አይቶ ነው። ያየው ትክክል ነው፤ መድኃኒቱ ነው የተሳሳተው። ጉልበተኛው ፓምፕም አየር ሲውጥ እኩል ከንቱ ነው።

አየሩ ፓምፑ ጋ ሳይደርስ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ውስጥ ከተቋጠረ ደግሞ የባሰ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ብረቱን የሚያቀዘቅዝ ውሃ የለም። የሙቀት መለኪያው ሴንሰር አየር ውስጥ ከተንጠለጠለ የሚያነበው የብረቱን ሙቀት ሳይሆን የአየር ኪሱን ነው፤ ዳሽቦርዱ ላይ ሁሉም ሰላም ነው፣ ፋኑም አይነሳም። መለኪያው ድንገት ዘሎ ሲወጣ የቴስታታው ጋስኬት ሥራውን ጨርሷል።

ራዲያተር ማዛወር ይህን አደጋ የሚጋብዘው ከፍታ በመጨመሩ ሳይሆን አዲስ ጉብታ በመፍጠሩ ነው። አየር ከፍ ወዳለው ቦታ ይሸሻል። ከፍ ያለው ቦታ የራዲያተሩ ክዳን ከሆነ ሲከፈት ይወጣል። ቱቦው ግን በሻንሲው ብረት ላይ ተንጠልጥሎ፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ እንደገና ወደ ራዲያተሩ ከወጣ አየሩ ጉብታው ላይ ይቀመጣል፣ ማንም አያወጣውም። ስለዚህ ቱቦው ከሞተሩ እስከ ክዳኑ ድረስ ሳይወርድ ሽቅብ ብቻ መሄድ አለበት፤ የክዳኑ አፍም ከሁሉም በላይ መሆን አለበት። ጉብታ የግድ ከሆነ እዚያው ላይ የአየር ማስወጫ ብሎን ይገጠማል።

ክዳኑን ማንም አይጠረጥረውም፤ ሥራው ግን ትልቅ ነው። 1.1 ባር የሚይዝ ክዳን በባሕር ጠለል ላይ ንጹህ ውሃን እስከ 122 ዲግሪ ሳይፈላ ያቆየዋል። አዲስ አበባ፣ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ፣ አየሩ ራሱ ወደ 0.76 ባር ስለሚወርድ ክዳን በሌለበት ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ያው ክዳን በደህና ሲይዝ ወደ 118 ይደርሳል። ጎማው ያረጀ ክዳን ሂውስተን ላይ የሚያገኘውን ይቅርታ አዲስ አበባ ላይ አያገኝም። እዚህ ላይ ራዲያተር ወደ ላይ ለሚሰቅል ሰው ስለ ፋኑም አንድ ነገር ልጨምር። በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ፋኑ በተመሳሳይ ዙር ያንኑ መጠን አየር ቢያንቀሳቅስም በክብደት ወደ 80 በመቶው ነው የሚያልፈው። ፋኑ ወደ ኋላ እንዲስብ ከተሠራ የሽቦውን ዋልታ ገልብጦ ወደ ፊት እንዲገፋ ማድረግ ቁጠባ ይመስላል፤ ክንፎቹ የተቆለመሙት ለአንድ አቅጣጫ ስለሆነ ግን የሚያልፈው አየር ይቀንሳል። ሽቦውም ሲረዝም መወፈር አለበት። የጋለው አየር ነጂው ፊት ላይ እንዳይተነፍስ ራዲያተሩን ማዘንበል፣ በነጂውና በራዲያተሩ መካከል በቀጭን ብረት መከለልም ያስፈልጋል፤ ከደረት ፊት ለፊት የሚፈነዳ ማኒኮቶ ከ100 ዲግሪ በላይ የሆነ ውሃ ሊረጭ ይችላል።

አየሩን ማውጣት ትዕግሥት እንጂ ዕውቀት አይፈልግም። የራዲያተሩ አፍ ከሁሉም ከፍ እንዲል ራዲያተሩ ባለበት በኩል ያሉትን ጎማዎች ተዳፋት ላይ ማውጣት። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ከፍቶ እስከ አፉ መሙላት። ከዚያ ወፍራሙን ማኒኮቶ በመዳፍ ይዞ ቀስ እያሉ መጭመቅና መልቀቅ፤ አፉ ላይ ፊኛ ሲፈነዳ ይታያል፣ ውሃውም ወረድ ይላል። ሞተሩን አስነስቶ ቴርሞስታቱ እስኪከፈት መጠበቅ፤ መከፈቱ የሚታወቀው የላይኛው ቱቦ ድንገት ሲግልና አፉ ላይ ያለው ውሃ መንቀሳቀስ ሲጀምር ነው። እየሞሉ ፊኛው ሲያልቅ ክዳኑን መዝጋት። ሞተሩ ሲግል የሰፋው ውሃ ክዳኑን አልፎ ወደ ትርፍ ጠርሙሱ ይሄዳል፤ ሲቀዘቅዝ በክዳኑ መሐል ባለችው ትንሽ ቫልቭ በኩል ይመለሳል። ጠርሙሱ ታች ቢቀርም ችግር የለም፤ 60 እና 70 ሳንቲ ሜትር ለመሳብ 0.07 ባር ያህል ይበቃል።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ጠርሙሱን ማየት ነው። ከምልክቱ ወርዶ ከተገኘ ትላንት የቀረው አየር ወጥቶ ቦታውን ውሃ ወስዶታል፤ ጨምሮ መሙላት። በሚቀጥለው ጠዋትም፣ ከዚያ በኋላም እየወረደ ከሄደ ግን ነገሩ የተቋጠረ አየር አይደለም፤ የቱቦ ማሰሪያ ፋሸታዎቹን አንድ በአንድ ማጥበቅ፣ ደረቅ ከሆኑ የቴስታታውን ጋስኬት ማስፈተሽ ነው።