ወሊድ በሚያንስበት ደሴት አዋላጅን ማሠልጠን



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ወሊድ ጥቂት በሆነበት ምድር አዋላጅ እንዴት ትሠለጥናለች የሚል ነው። በፓስፊክ ውቅያኖስ የምትገኘው ኪሪባቲ 33 ደሴቶችና 120 ሺህ ያህል ሕዝብ አሏት። ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ በዋና ከተማዋ በደቡብ ታራዋ ይኖራል፤ ቀሪው 3.5 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሸፍን ባሕር ላይ ተበትኗል።

የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ አንዲት ተማሪ በመደበኛው ቢያንስ 40 እናቶችን እንድታዋልድ ይጠይቃል። ይህን መለኪያ ወደ ደሴት እንውሰደው። 2,000 ነዋሪዎች ባሉባት ደሴት፣ ለሺህ ሰው 27 ወሊድ ቢታሰብ፣ በዓመት የሚወለዱት 54 ሕፃናት ናቸው። እንግዲህ ሁለተኛዪቱ ተማሪ ድርሻዋን አታገኝም። ከወሊድ በኋላ የሚከሰተው ከባድ የደም መፍሰስማ ከመቶ ወላዶች በጥቂቶቹ ላይ ብቻ ስለሚታይ፣ ተማሪዋ ጭራሽ ሳታየው ልትመረቅ ትችላለች። ሆኖም በዓለም ላይ ለእናቶች ሞት ቀዳሚ ከሆኑት ምክንያቶች አንዱ እርሱ ነው፤ ጀልባ ወይም አውሮፕላን እስኪደርስም አይጠብቅም።

ስለዚህ ሥልጠናው በሁለት እግር ይቁም እላለሁ። አንደኛ፣ ተማሪዋ ወሊድ በሚበዛበት ማዕከላዊ ሆስፒታል በቂ ጊዜ ቆይታ እጇን ታፍታታ። ሁለተኛ፣ ወደ ደሴቷ ስትመለስ ትምህርቱም አብሯት ይመለስ፤ እምብዛም የማይገጥመውን አደጋ ከባልደረቦቿ ጋር በሞዴል ላይ በየጊዜው ትለማመድ። ያልተደጋገመ ክህሎት ይጠፋልና። ሥልጠናው በምረቃ ካበቃ፣ አዋላጇ ያንን አደጋ የምትማረው ደም በሚፈስሳት በመጀመሪያዋ እናት ላይ ይሆናል።