የብረት ሕንፃ የሚፈተነው መጋጠሚያው ላይ ነው

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 17 ቀን 1994 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በሎስ አንጀለስ የኖርዝሪጅ አካባቢ መጠኑ 6.7 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። የመንገድ ድልድዮች ወደቁ፣ የመኖሪያ ሕንፃዎች ተደረመሱ። በብረት ምሰሶና ቢም የተሠሩት ፎቆች ግን እንደቆሙ ነበሩ። እውነቱ የታወቀው ቆይቶ፣ ኮርኒሱና ብረቱን ከእሳት የሚከላከለው ልባስ ሲነሣ ነው። ከ100 በላይ በሆኑ ሕንፃዎች ላይ ቢሙ ከምሰሶው የተበየደበት ቦታ ተሰንጥቆ ተገኘ። አንዳንዱ ስንጥቅ እስከ ምሰሶው ውስጥ ዘልቆ ነበር።

ይህ መሐንዲሶችን ያስደነገጠው የብረት ሕንፃ ስሌት የቆመበትን እምነት ስለነካ ነው። ብረት ሽቦ ሲያጣጥፉት እንደሚሆነው ሳይሰበር ይለመጣል፤ እየተለመጠም የመንቀጥቀጡን ጉልበት ይውጣል። ስለዚህ በኃይለኛ መንቀጥቀጥ ጊዜ የቢሙ ጫፍ እንዲለመጥ፣ ምሰሶውና ብየዳው ግን እንዲጸኑ ታስቦ ይነደፋል። ኖርዝሪጅ ላይ ብዙው ቢም ገና ሳይለመጥ ብየዳው ቀድሞ ተሰነጠቀ።

ምክንያቱ የሚገባው ሥራው በቦታው እንዴት እንደሚከናወን ሲታይ ነው። በያጁ የቢሙን የታችኛ ክንፍ ከምሰሶው ጋር የሚበይደው ከላይ ሆኖ ነው። የቢሙ መካከለኛ ላሜራ መንገዱን ስለሚዘጋበት እያንዳንዱን የብየዳ ድርድር መሐል ላይ ያቋርጣል፤ ከዚያ በሌላው ወገን ዞሮ ይቀጥላል። ጉድለት የሚሸሸገው እዚያ የተቋረጠበት ቦታ ላይ ነው። የቀለጠው ብረት እንዳይፈስ ከሥር የሚደረገው ቀጭን ብረትም ያኔ ከሥራው በኋላ ሳይነሣ ይቀር ነበር። በእሱና በምሰሶው መካከል ያለው ያልተበየደ ክፍተት ለስንጥቅ መነሻ ይሆን ነበር። በዚያ ላይ ያኔ በሰፊው ይሠራበት የነበረው የብየዳ ሽቦ ድንገተኛ ኃይልን የመቋቋም አቅሙ ደካማ ነበር።

ሌላም ነገር ተደረበ። ከፋብሪካ የሚወጣው ብረት በስሌቱ ከተያዘው ይልቅ ጠንካራ ሆኖ ይመጣ ነበር። ቢሙ ከታሰበው በላይ ሲጠነክር ሳይለመጥ ይቆይና ጫናውን ወደ ብየዳው ያስተላልፋል። ስለዚህ «የተሻለ ብረት አስገብተናል» የሚል አቅራቢ ሳያውቀው ሕንፃውን ሊጎዳ ይችላል። ወጪ ለመቆጠብ ሲባልም ኃይሉን የሚሸከሙት መጋጠሚያዎች ቁጥራቸው ቀንሶ ቢሞቹ እየገዘፉ ሄደው ነበር፤ ጥቂቶቹ ሲሰነጠቁ የሚያግዛቸው ጠፋ።

ታዲያ ብየዳውን በወርክሾፕ ጨርሶ፣ በግንባታ ቦታ በብሎን ብቻ ማሰር አይበጅም? ይበጃል። በያጁ ሥራውን እያገላበጠ በሚመቸው አቅጣጫ ይበይዳል፤ ነፋስና ዝናብ አይደርስበትም፤ ምርመራውም ይቀላል። ጃፓኖች አጭር የቢም ቁራጭ በወርክሾፕ ከምሰሶው ጋር በይደው፣ መካከለኛውን ቢም በቦታው በብሎን መቀጠልን ከኖርዝሪጅ በፊትም ለምደውት ነበር። ነገር ግን ልክ በዓመቱ፣ ጃንዋሪ 17 ቀን 1995፣ የጃፓኗ ከተማ ኮቤ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትናወጥ በወርክሾፕ የተበየዱ መጋጠሚያዎችም ተሰበሩ። ብዙዎቹ መጀመሪያ ተለምጠው፣ ለብየዳ ተብሎ ከተቆረጠው ቀዳዳ ጠርዝ ነው ስንጥቁ የጀመረው። ወርክሾፕ የእጅ ሥራን ጥራት ያሻሽላል፤ የንድፍን ስሕተት ግን አያርምም።

ንድፉን ያረመው ለውጥ በሁለት መንገድ መጣ። አንደኛው መጋጠሚያውን ከቢሙ ማጠንከር ነው። ወፍራም ላሜራ በወርክሾፕ ከቢሙ ጫፍ ይበየድና በቦታው ከምሰሶው ጋር በብሎን ይታሰራል፤ ላሜራው፣ ብየዳውና ብሎኑ ሁሉም ከቢሙ አቅም በላይ መሆን አለባቸው። ሁለተኛው ከምሰሶው ትንሽ ራቅ ብሎ የቢሙን ክንፎች ጎን በቅስት ቆርጦ ማሳሳት ነው። ቢሙ ሆን ተብሎ በሳሳው ቦታ ይለመጣል፣ ብየዳውም ይድናል። በአሜሪካ ደንብ ከፍተኛ መለመጥ የሚጠበቅበት መጋጠሚያ በላቦራቶሪ ወዲያና ወዲህ እየተገፋ እስከ 0.04 ራዲያን ዘመም ሲል አብዛኛውን አቅሙን መጠበቅ አለበት። ይህም 3 ሜትር ከፍታ ባለው ፎቅ ላይ 12 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው።

ጉዳዩ እኛንም ይመለከታል። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የተከታተለው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሼዶች በብረት የተሠሩ ናቸው፤ በየከተማው የሚተከሉት ተገጣጣሚ መጋዘኖችም እየበዙ ነው። አገራችን የምትጠቀምበት የሕንፃ ደረጃ መሠረቱ የአውሮፓው ሲሆን፣ መጋጠሚያ ከሚለመጠው አካል በግልጽ በልጦ እንዲጠነክር ያዛል።

ስለዚህ የብረት ሕንፃ የሚያሠራ ሰው የቶኑን ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። ይህ መጋጠሚያ ተፈትኗል ወይ? የመጣው ብረት በስሌቱ ከተያዘው ጋር ይገጥማል ወይ? ብየዳውን የመረመረውና ብሎኑ በታዘዘው ልክ መጥበቁን ያረጋገጠው ማን ነው? የብሎን ቀዳዳ አልገጥም ብሎ በእሳት ሲሰፋ ካየም ሥራውን ያስቁም። በኮርኒስ ከተሸፈነ በኋላ ይህን ሁሉ ማየት አይቻልምና ቁጥጥሩ ከዚያ በፊት ያልቅ።