ለሌሞ የሚሰናዳ ካርድ

ሆሳዕናን ዙሪያዋን ያቀፈችው ሌሞ ወረዳ ናት። ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ፣ ከእንሰቱ ጀርባ የቆመ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉ። መብራት ይመጣል፣ ይሄዳል። ኢንተርኔት ከመምህራኑ ስልክ አያልፍም። እዚያ ትምህርት ቤት መታወቂያ የምታክል ኮምፒዩተር ብናስቀምጥ ምን ትሠራለች? መልሱ ያለው ቦርዷ ላይ አይደለም፤ ጎኗ ላይ በሚሰካው፣ ከአውራ ጣት ጥፍር በማይበልጠው ሜሞሪ ካርድ ውስጥ ነው።

ከእነዚህ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ስሟ የገነነው ራስበሪ ፓይ ናት። እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ውስጥ፣ ልጆች ፕሮግራም መጻፍ እንዲማሩ ታስባ የተሠራች ናት፤ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2012 ገበያ ስትወጣ ዋጋዋ 35 ዶላር ነበር። ፕሮሰሰሩም፣ ሜሞሪውም፣ የስክሪንና የዩኤስቢ መሰኪያውም በአንዲት ሰሌዳ ላይ ተበይዷል። ሃርድ ዲስክ ግን የላትም፤ ስርዓተ ክወናም አብሯት አይመጣም። ካርድ ካልገባላት መብራት ብትሰኩላትም አብዛኛውን ጊዜ ሥራ አትጀምርም።

ካርዱ ላይ የሚገለበጠውን አንድ ትልቅ ፋይል ባለሙያዎቹ «ኢሜጅ» ይሉታል። ካርዱ ሊይዝ የሚገባውን ሁሉ፣ ከነክፍልፋዩ፣ ከነማስነሻ ፋይሉ፣ ከነፕሮግራሙ፣ ከነመቼቱ ጠቅልሎ የያዘ ነው። የቦርዷ አነሣስም የተለየ ነው። በቀደሙት ሞዴሎች መብራት ሲሰካ መጀመሪያ የሚነቃው ዋናው ፕሮሰሰር ሳይሆን ለሥዕል ሥራ የተመደበው ክፍል ነው፤ እሱ ካርዱን ከፍቶ ማስነሻዎቹን ያነባል፣ የስርዓተ ክወናውን እምብርት፣ የሊኑክስን ከርነል፣ ወደ ሜሞሪ ያወጣል፣ ከዚያ በኋላ ዋናውን ይቀሰቅሳል። ከርነሉ ከተነሣ በኋላ ደግሞ በየትኛው ቦርድ ላይ እንዳለ ሊነገረው ይገባል። የጠረጴዛ ኮምፒዩተር በውስጡ ያለውን ዕቃ ለስርዓቱ የሚያስተዋውቅ ባዮስ አለው፤ እነዚህ ትንንሾቹ የላቸውም። ስለዚህ «ዲቫይስ ትሪ» የሚባል የዕቃ መዝገብ አብሮ ይጫናል። መዝገቡ ከተሳሳተ ቦርዱ ደህና ሆኖ ሳለ ስክሪኑ ጨለማ፣ ኔትወርኩ ዝም ይላል።

እንሰት ሲፋቅ ያየ ሰው ኢሜጅ መሥራት ምን እንደሆነ ቶሎ ይገባዋል። ከአንዱ ተክል ቆጮው፣ ቡላው፣ ቃጫው ለየብቻ ይወጣል፤ እያንዳንዱም ቦታ አለው፤ ቃጫው ከቆጮው ጋር ከቀረ ግን አፍ ውስጥ ይገባል። ተዘጋጅቶ ከኢንተርኔት የሚወርደው ስርዓትም እንዲሁ ነው። ብዙ ጊጋባይት ይይዛል፤ አብዛኛው ለሌሞው ትምህርት ቤት ቃጫ ነው።

መለየቱ በሦስት መንገድ ይሠራል። ቀላሉና ብዙዎቻችን የጀመርንበት፣ የተዘጋጀውን ካርድ አስነሥቶ፣ በእጅ እያስተካከሉ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ካርዱን መልሶ ወደ ፋይል መገልበጥ ነው። እኔም እንዲህ አድርጌ አንዱን ካርድ ለአምስት ቦርዶች አባዝቼ ነበር። ከወራት በኋላ አንድ ነገር ለመለወጥ ስነሣ መጀመሪያ ምን ምን እንዳደረግሁ ማስታወስ አቃተኝ። የከፋው ግን ሌላ ነበር፤ አምስቱም ቦርዶች ከሩቅ ሲከፈቱ ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት የምስጢር ቁልፍ አንድ ዓይነት ነበር። አንዱን የሰረቀ አምስቱን መምሰል ይችላል። ያን ቀን ያመመኝ እስካሁን አልወጣልኝም፤ በአደራ የሰጠኋቸው ቦርዶች ነበሩና።

ሁለተኛው መንገድ ሥራውን በጽሑፍ ማዘዝ ነው። የራስበሪ ፓይ ሠሪዎች ራሳቸው «ፓይ-ጄን» የሚባል መሣሪያ አላቸው፤ ስርዓቱን ዴቢያን ከተባለው ሊኑክስ ጥቅሎች ደረጃ በደረጃ፣ ከዜሮ እስከ አምስት ባሉ እርከኖች ይገነባል። በእርከን ሁለት ላይ ብታቆሙት ዴስክቶፕ የሌለው ቀላል ስርዓት ታገኛላችሁ። የራሳችሁን እርከን ጨምራችሁ የሚያስፈልጋችሁን ብቻ ትጭናላችሁ፤ የምስጢር ቁልፉም እያንዳንዱ ቦርድ መጀመሪያ ሲነሣ ለየራሱ ይፈጠራል። ግንባታው የሚካሄደው በተራ ላፕቶፕ ነው። የላፕቶፑና የቦርዱ ፕሮሰሰሮች ግን ቋንቋቸው የተለያየ ስለሆነ «ኪው-ኢሙ» የሚባል አስተርጓሚ መሐል ይገባል፤ ለቦርዱ የተጻፈውን ፕሮግራም ላፕቶፑ ላይ ቃል በቃል እየተረጎመ ያስኬዳል። ዘገምተኛ ነው፣ ግን ታማኝ ነው።

ሦስተኛው ሁሉንም ከምንጭ ኮዱ መገንባት ነው። «ቢልድሩት» በአሥሮች በሚቆጠሩ ሜጋባይቶች የሚያልቅ ስርዓት ያወጣል፤ «ዮክቶ» ለፋብሪካዎች የሚሆን ነው፤ ሰዓታትና ከ50 ጊጋባይት የሚበልጥ የዲስክ ቦታ ይፈልጋል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ተቀምጦ ዮክቶ መጀመርን አልመክርም። ለትምህርት ቤት ሁለተኛው መንገድ ይበቃል።

ኢሜጁን የሚሠራው ሰው ከሩቅ ሆኖ የሚወስነው ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ ያየነው በገዛ አገራችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው ድርጅት በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት ሰጠ። ታብሌቶቹ የሚሠሩት በሊኑክስ ከርነል ላይ በቆመው አንድሮይድ ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንዳሉት፣ ካሜራው በስርዓቱ ውስጥ ተዘግቶ የመጣ ሲሆን ልጆቹ በአምስት ወር ውስጥ ራሳቸው ከፈቱት። ዓለም በዚህ ተደነቀ፤ እኔም ተደንቄያለሁ። የሙከራው ዓላማ ግን ልጆቹ ያለ አስተማሪ እንግሊዝኛ ማንበብ ይችሉ እንደሆነ ማየት ነበር። የተዘጋ ካሜራ ብልህ ልጅ ይከፍተዋል። ያልተጫነ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጽሐፍን ግን የትኛውም ብልሃት ከታብሌቱ ውስጥ አያወጣውም። ለዚህ ነው ካርዱ ገና ሲሰናዳ ቦታውን ማወቅ ያለበት የምለው።

ሌሞን የሚያውቅ ካርድ መጀመሪያ የሚያውቀው መብራት መሄዱን ነው። እየጻፈ ሳለ መብራት የተቋረጠበት ካርድ ፋይሉ ይበላሻል፤ አንዳንዴም ጭራሹን አይነሣም። መድኃኒቱ ስርዓቱን ለንባብ ብቻ አድርጎ ከላዩ «ኦቨርሌይ» የሚባል ሽፋን ማልበስ ነው። ፕሮግራሞች የጻፉ ይመስላቸዋል፤ የጻፉት ግን ሜሞሪ ላይ ብቻ ነው፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይጠፋል፣ ካርዱ እንደነበረ ይቆያል። የተማሪው ሥራ እንዳይጠፋ ለእሱ ብቻ ሌላ ክፍልፋይ ይመደባል፤ ጉዳት ቢደርስ እዚያው ይቆማል፤ ስርዓቱን አይነካም።

ይህ መድኃኒት ግን ሌላ በሽታ ያመጣል። ከፓይ 5 በፊት የነበሩት ሞዴሎች መብራት ከጠፋ በኋላ የሚቆጥር ሰዓት የላቸውም። ስርዓቱ ይህን የሚያካክሰው የመጨረሻውን ሰዓት ካርዱ ላይ እየጻፈ ነው፤ ካርዱን ለንባብ ብቻ ስታደርጉት ያም ይቀራል። ሰዓት የሚያመጣለት ኢንተርኔትም የለም። እጅግ የተራቆተ ኢሜጅ ከሆነ ቦርዱ ራሱን ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ላይ ያገኘዋል፤ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የተማሪ መዝገብ በዚያ ቀን ሲጻፍ አስቡት። ስለዚህ «ዲኤስ 3231» የምትባል፣ ባለ ባትሪ ትንሽ የሰዓት ቺፕ ገዝቶ መሰካት፣ መኖሯንም በማስነሻው ፋይል ውስጥ በአንዲት መስመር ማስታወቅ ያስፈልጋል። ፓይ 5 ሰዓቱ አብሮት ተሠርቷል፤ ባትሪው ግን ለብቻው ነው የሚሸጠው።

ከዚያ መጻሕፍቱ ይገባሉ። «ኪዊክስ» የተባለው ፕሮግራም ሙሉ ውክፔዲያን በአንድ ፋይል ጠቅልሎ ያለ ኢንተርኔት ያነብባል። የአማርኛው 15 ሺህ ገደማ ጽሑፎች አሉት፤ ትንሽ ካርድ ይበቃዋል፤ የእንግሊዝኛው ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋባይት ያልፋል። ቦርዷ ራሷ ዋይፋይ እንድትረጭ ተደርጋ ከተሰናዳች፣ መምህሩም ተማሪውም በስልኩ ይገባና ያነባል። የምትጠጣው ጥቂት ዋት ብቻ ስለሆነ መብራት ሲሄድ በፓወር ባንክ ትቀጥላለች።

የቀረው ፊደል ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ያም ሆኖ የተራቆተ ኢሜጅ ፎንት ስለሌለው አማርኛውን በባዶ ሳጥን ይደረድረዋል። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ የተባለውን ፎንት መጨመር የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው። የአማርኛ መጻፊያውም እንዲሁ ይጫናል። የአካባቢው ቋንቋዎች ሀዲይኛና ከምባትኛ በትምህርት ቤት የሚጻፉት በላቲን ፊደል ስለሆነ የእነሱ ጽሑፍ ሳይቸገር ይታያል።

ቋንቋ ግን ከፊደል ያልፋል። ሊኑክስ የየቋንቋውን የቀንና የወር ስም የሚያነብበት «ሎኬል» የሚባል ፋይል አለው። አማርኛ አለው፣ ትግርኛ አለው፣ ኦሮምኛ አለው። ጎረቤቶቻችን ሲዳምኛና ወላይትኛም ግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ባዘጋጀው ሥራ ውስጥ ገብተዋል። ሀዲይኛና ከምባትኛ፣ በዓለም አቀፉ የቋንቋዎች መዝገብ የየራሳቸው ባለ ሦስት ፊደል መለያ ያላቸው ሆነው ሳለ፣ እዚያ ውስጥ የሉም። ፋይሉ በተራ ጽሑፍ የሚጻፍ ነው። የሳምንቱን ቀናት፣ የወራቱን ስም፣ «አዎ» እና «አይደለም» የሚባልበትን ቃል በትክክል የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል፤ የሲዳምኛውን ከፍቶ እንደ አብነት መከተል ይቻላል። ሆሳዕና ውስጥ ሀዲይኛ የሚያስተምር አንድ መምህርና ሊኑክስ የሚያውቅ አንድ ተማሪ ጥቂት ከሰዓት በኋላዎች አብረው ከተቀመጡ ፋይሉን ይጽፉታል፤ ከዚያ የራሳቸው እርከን ውስጥ ይጨምሩትና ኢሜጁን እንደገና ይገነባሉ። ካርዱ ሌሞ ደርሶ ቦርዷ ስትነሣ፣ ቀኑ በሀዲይኛ ተጽፎ ይወጣል።