ሠላሳ ሦስት ዓመት ለላይንባከር እርጅና ነውን?

እኛ «ኳስ» ስንል በእግር የሚመታውን ማለታችን እንደሆነ የታወቀ ነው። እዚህ አገር ተወልደው ያደጉ ልጆቻችን ግን «ፉትቦል» ሲሉ በእጅ የሚያዘውን፣ የራስ ቁርና የትከሻ መከላከያ ለብሰው የሚጋጩበትን ጨዋታ ማለታቸው ነው። ብዙዎቻችን «ይኼ ደግሞ ትግል ነው ወይስ ኳስ?» እያልን ለዓመታት ቻናል ስንቀይር ኖረናል። ይሁን እንጂ ልጆቹ አድገው ከጎናችን ሲቀመጡ፣ ዋሺንግተንም ቤታችን ስትሆን፣ የከተማውን ቡድን ወሬ ባንፈልግም ሳንሰማ አናልፍም። ዛሬ የምናነሳው ከአንድ ምግብ ቤት ጠረጴዛ ተነስቶ እስካሁን ያልበረደ ክርክር ነው።

ጊዜው እ.ኤ.አ. ማርች 2024 ነበር። የዋሺንግተኑ ኮማንደርስ ቦቢ ዋግነር የተባለውን አንጋፋ ላይንባከር ለአንድ ዓመት ለማስፈረም መስማማቱ በቴሌቪዥን ተነገረ። ክፍያው እስከ 8.5 ሚሊዮን ዶላር ሊደርስ የሚችል ነው ተባለ። ጠረጴዛውን ከበን አራት ሰዎች ነበርን። አንዱ ከሃያ ዓመት በላይ ታክሲ የነዳ ወዳጃችን ሲሆን፣ ሌላው የእርሱ የእኅት ልጅ፣ እዚሁ የተወለደ የኮሌጅ ተማሪ ነው።

«ገንዘባቸውን ጣሉት» አለ ልጁ። «ሠላሳ ሦስት ዓመቱ እኮ ነው፣ ጋሼ። ጁን ሲመጣ 34 ይሞላዋል። ለዚህ ጨዋታ ሽማግሌ ነው።»

ወዳጃችን የቡና ስኒውን አስቀመጠና፣ «ሠላሳ ሦስት ዓመት ሽምግልና ከሆነማ እኔን ምን ብለህ ልትጠራኝ ነው?» ቢለው ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ሲያባራ ግን ነገሩ የሚያስቅ ብቻ እንዳልሆነ ታወቀን። ከአራታችን አንዱ በዚያው ሰሞን ለሥራ አመልክቶ «ልምድዎ ከሚፈለገው በላይ ነው» የሚል መልስ የደረሰው ነበር። ይህ አባባል ሲፈታ ምን ማለት እንደሆነ አርባ ዓመት አልፎት ሥራ የፈለገ ሁሉ ያውቀዋል።

ላይንባከር ማነው?

ነገርን ከሥሩ ነውና ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢዎቻችን ጥቂት እንበል። በሜዳው ላይ ከእያንዳንዱ ወገን 11 ሰው ይሰለፋል። ተከላካዩ ወገን ከፊት ግዙፍ ሰዎቹን ያቆማል፤ ከእነርሱ ኋላ የሚቆሙት ላይንባከሮች ናቸው። ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ይጥላሉ፣ በአየር የሚወረወረውን ያቋርጣሉ። በተለይ የመሐሉ ላይንባከር በእኛ እግር ኳስ ከመሐል አማካይ ጋር ይመሳሰላል፤ ሌሎቹን የሚያሰልፈው እርሱ ነው። ከ2008 ጀምሮ ከተከላካዮቹ የአንዱ የራስ ቁር ውስጥ የአሰልጣኙን ድምፅ የሚያሰማ ራዲዮ እንዲገባ ተፈቅዷል። ይህን የያዘው ሰው ከራስ ቁሩ ኋላ ባለች አረንጓዴ ነጥብ ይለያል። ጨዋታው ሊጀመር 15 ሰከንድ ሲቀር ራዲዮው ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ያለው የእርሱ ዓይንና የእርሱ ውሳኔ ነው።

«ፍሪ ኤጀንት» ማለት ደግሞ ኮንትራቱ አልቆ ከወደደው ቡድን ጋር መዋዋል የሚችል ተጫዋች ነው። ይህ መብት ተጫዋቾቹ ፍርድ ቤት ድረስ ተሟግተው በ1993 ያገኙት እንጂ በችሮታ የተሰጣቸው አይደለም። በ1994 ደግሞ የደመወዝ ጣሪያ መጣ። በ2024 አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ ሁሉ ሊያወጣ የሚችለው 255.4 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ስለዚህ ለአንጋፋው የተሰጠው ለወጣቱ አይሰጥም ማለት ነው። የክርክሩም ሥር ይኸው ነው።

የተቃዋሚዎቹ ቃል

የእኅት ልጁ ክርክር ባዶ አልነበረም። ዋግነር በ2012 ሲያትል ሲሃውክስን ተቀላቅሎ አሥር ዓመት አገልግሏል፤ በፌብሩዋሪ 2014 ሲያትል ዴንቨርን 43 ለ 8 ረትቶ ሱፐር ቦውልን ሲወስድ የመሐሉ ላይንባከር እርሱ ነበር። «ይህ ሁሉ ግን ያለፈ ነው» አለ ልጁ። «ሲያትል በ2022 አሰናበተው። ሎስ አንጀለስ ራምስም የአምስት ዓመት ኮንትራት ሰጥቶት በዓመቱ ለቀቀው። ተመልሶ ሲያትል ለአንድ ዓመት ገባ፤ አሁን ደግሞ እኛ ዘንድ መጣ። ሁለት ቡድን አይቶ የተወውን እኛ ለምን እንወስዳለን? ባለቤቱ አዲስ፣ አሰልጣኙ አዲስ፣ ቡድኑ እንደገና የሚገነባ ነው። የሚገነባ ሰው አሮጌ እንጨት አይገዛም። ወጣቶቹስ መቼ ይጫወቱ?»

ፍጥነትንም አነሳ። ጨዋታው ዛሬ የሩጫ ጨዋታ ሆኗል፤ የመሐሉ ሰው ከፈጣን ተቀባዮች ጋር በሰፊው ሜዳ መሮጥ ግድ ይለዋል። ዕድሜ ደግሞ መጀመሪያ የሚሰርቀው እግርን ነው። ይህን ማንም አልካደውም።

የደጋፊዎቹ ቃል

ወዳጃችን ሲመልስ ከቁጥር ነበር የጀመረው። «አረጀ የምትለው ሰው በ2023 ስንት ተጫዋች እንደጣለ ታውቃለህ? 183 ነው። ከሊጉ ሁሉ አንደኛ። የእኛው ቡድን በዚያው ዓመት ምን ሆነ? 4 አሸንፎ 13 ተሸነፈ፤ 518 ነጥብ ገባበት፤ ከሊጉ ሁሉ የከፋው። ቤቱ እየነደደ የውሃ ባልዲውን ዕድሜ ትጠይቃለህ?»

ሁለተኛው ነጥቡ የበለጠ ክብደት ነበረው። አዲሱ አሰልጣኝ ዳን ኩዊን በ2013 እና በ2014 በሲያትል የተከላካዮቹ አሰልጣኝ ነበረ። ስለዚህ የሚያስፈርመውን ሰው በስም ሳይሆን በሥራ ያውቀዋል። በዚያው ሰሞን ቡድኑ ፍራንኪ ሉቩን፣ የ27 ዓመቱን ላይንባከር፣ ለሦስት ዓመት አስፈርሞ ነበር። አንዱ ለዛሬና ለነገ፣ ሌላው ለዛሬና ለማስተማር መሆኑ ነው።

ወዳጃችንን ከሁሉ በላይ የነካው ግን የሰውየው ጠባይ ነበር። ዋግነር ኮንትራቱን የሚዋዋለው ያለ ኤጀንት፣ ራሱ ነው። በ2019 ከሲያትል ጋር የሦስት ዓመት የ54 ሚሊዮን ዶላር ውል የተዋዋለው እንዲሁ ነበር። ሲያትል ሲያሰናብተው ደግሞ አሥር ዓመት ካገለገለበት ቤት ወሬውን ከሌላ ሰው መስማቱን በአደባባይ ተናግሮ ቅር መሰኘቱን ገልጿል። ያም ሆኖ በዓመቱ እዚያው ቤት ተመልሶ ሠርቷል። «ቂም ይዞ አልቀረም፤ ዋጋውንም አላረከሰም» አለ ወዳጃችን። «እንዲህ ያለ ሰው ለወጣት ትምህርት ቤት ነው።»

ሜዳው የሰጠው ፍርድ

እነሆ ዓመቱ መጣ። ዋግነር 17ቱንም ጨዋታ ከመጀመሪያው ተሰለፈ፤ 132 ተጫዋች ጣለ። ኮማንደርስ 12 አሸንፎ 5 ተሸነፈ። የገባበት ነጥብ ከ518 ወደ 391 ወረደ። ጃንዋሪ 2025 ታምፓ ቤይን 23 ለ 20፣ ዲትሮይትን 45 ለ 31 አሸነፈ። ቡድኑ የፕሌይኦፍ ጨዋታ ካሸነፈ 19 ዓመት አልፎት ነበር።

እዚህ ላይ ወዳጃችን ቡና ጋበዘን፤ ልጁ ግን እጁን አልሰጠም። «ይህን ያመጣው ጄይደን ዳንየልስ ነው» አለ፤ እውነትም ነበረው። ዳንየልስ በዚያው ዓመት ከኮሌጅ የመጣ ኳርተርባክ ሲሆን ከአዲሶቹ አጥቂዎች ሁሉ ምርጥ ተብሎ ተሸልሟል። በሳምንቱም ፊላዴልፊያ ኢግልስ ኮማንደርስን 55 ለ 23 አደባየው። ፊላዴልፊያዎች ኳስ ይዘው በመሮጥ ብቻ 229 ያርድ ሄዱ፤ ሰባት ጊዜም አስቆጠሩ። ሩጫን ማስቆም ደግሞ የመሐሉ ላይንባከር ዋና ሥራ ነው።

በ2025 ቡድኑ ዋግነርን ለአንድ ዓመት በድጋሚ አስፈረመው። ዳንየልስ ተጎድቶ ብዙውን ጨዋታ ሳይጫወት ቀረ፤ ተከላካዩ ላላ፤ ቡድኑ 5 አሸንፎ 12 ተሸነፈ። በ35 ዓመቱ ዋግነር እንደ ልማዱ በዚያም ዓመት ከ100 በላይ ተጫዋች ጣለ። በ14ቱም የሥራ ዘመኑ ከዚያ ቁጥር ዝቅ ብሎ አያውቅም። ቡድኑን ግን ብቻውን ሊያድነው አልቻለም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአባቶች ብሂል እዚህም ሠራ።

ታዲያ ማን ረታ?

የዚህ ጸሐፊ አስተያየት ይህ ነው። አንጋፋን ማስፈረም ስህተት የሚሆነው ዝናውን ገዝተን የትናንቱን ጉልበት ስንጠብቅበት ነው። ትክክል የሚሆነው ደግሞ ሥራው ሲታወቅ፣ ውሉ አጭር ሲሆን፣ ዋጋው ሲመዘንና ከጎኑ የሚማር ወጣት ሲቆም ነው። በ2024 ይህ ሁሉ ተሟልቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የጎደለው የሰውየው ዓይን አልነበረም፤ በዙሪያው የቆመው ነው። ልጁ ስለ እግር ፍጥነት የተናገረው እውነት ነው፤ ወዳጃችን ስለ ማስተዋል የተናገረውም እውነት ነው። ስህተቱ ሁለቱን ሳይመዝኑ የልደት ቀንን ብቻ አንብቦ መፍረድ ነው።

ይህን የምንለው ለስፖርት ወሬ ብቻ አይደለም። በመካከላችን አገር ቤት መምህር፣ መሐንዲስ፣ ሒሳብ ሠራተኛ የነበሩ፣ እዚህ መጥተው ዕድሜያቸው ሲታይ በር የሚዘጋባቸው ወገኖች አሉ። ሌላው ቢዘጋባቸው ምን ማድረግ እንችላለን እንላለን። ነገር ግን የራሳችን ሱቅ፣ የራሳችን ምግብ ቤት፣ የራሳችን ማኅበር ያለን ሰዎችስ? ለአንድ ዓመት እንኳ ቢሆን፣ ሥራውን ለይተን፣ ከጎናቸው ወጣት አቁመን ብንሞክራቸው የምንጎዳ አይመስለንም። አንጋፋዎችም ብንሆን ከዋግነር የምንወስደው አለ፤ ዋግነር እየተጫወተ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በንግድ አስተዳደር ማስተርሱን ይዟል። ያ ዩኒቨርሲቲ ብዙዎቻችን ቡና ከምንጠጣበት ከዩ ስትሪት ጥቂት እልፍ ብሎ ያለ ነው።

ክርክሩ በዚያች ጠረጴዛ አሁንም ይነሳል። ባለፈው ጊዜ የእኅት ልጁ፣ «እሺ ጋሼ፣ ለአንድ ዓመት ይሁን። ለሦስት ዓመት ግን አልፈርምም» አለ። ወዳጃችንም፣ «እኔም ሦስት ዓመት አልጠየቅኩህም፤ ዕድሜውን ሳይሆን ሥራውን እይለት ነው ያልኩህ» ሲል መለሰለት። የእናንተስ አስተያየት ምንድን ነው?