ምን ይቅር? ምን ይቅደም?

ብዙ የተማሪ ጋዜጦችን የሚያበላሻቸው የጽሑፍ እጥረት ሳይሆን የጽሑፍ ብዛት ነው። የሚኒ ሚዲያ ክበብ ልጆች ግጥሙንም፣ የስፖርት ዜናውንም፣ የርዕሰ መምህሩን መልእክትም፣ «ይህን ያውቃሉ?» የሚለውንም ተሸክመው ይመጣሉ። ቦታ ሲጠብ አንዱ ብድግ ይልና «ቲቸር፣ ፊደሉን በ7 ባደርገውስ? ሁሉም ይገባል» ይለኛል። መግባቱንስ ይገባል፤ የሚያነበው ግን የለም። የአማርኛ መምህር ነኝ፤ ክበቡንም እመራለሁ። የገጽ ቅንብር ትምህርቴ የሚነሳው ከዚህች ጥያቄ ነው፤ ገጽ ማቀናበር ከሁሉ በፊት ምን እንደሚቀርና ምን እንደሚቀድም መወሰን ነውና።

መጀመሪያ ላይ ኮምፒዩተር አላስነካቸውም። ለእያንዳንዳቸው አንድ ኤ3 ወረቀት እሰጣለሁ። ለሁለት ሲታጠፍ አራት የኤ4 ገጾች ይወጡታል። «ቁጥር ጻፉበትና ዘርጉት» ስላቸው ክፍሉ ይንጫጫል፤ 1ኛው ገጽ ከ4ኛው፣ 2ኛው ከ3ኛው ጎን ለጎን ሆነው ያገኟቸዋል። ይህን በእጁ አጥፎ ያላየ ልጅ ፎቶ ኮፒ ቤት ገጹ ሲዘበራረቅበት ማሽኑን ይወቅሳል።

ቀጥሎ ማስመሪያ ይወጣል። የኤ4 ወርድ 210 ሚሊ ሜትር ነው። ከግራና ከቀኝ 15 ሚሊ ሜትር ህዳግ ሲተው 180 ይቀራል። በሦስት አምድ ሲከፈል፣ በአምዶቹ መካከል 6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ትተን፣ ለእያንዳንዱ 56 ይደርሰዋል። ልጆቹ ግን ትልልቆቹን ጋዜጦች ለመምሰል አራት አምድ ይፈልጋሉ። ይሞክሩት እላለሁ። አምዱ ወደ 40 ሚሊ ሜትር ይጠብና «እስኪያስተዋውቋቸው» የሚል ቃል ሲመጣ ጣጣው ይጀምራል። የአማርኛ ግስ አድራጊውንም ተደራጊውንም በአንድ ቃል ስለሚሸከም ይረዝማል፤ ግራና ቀኙ እኩል ይሁን ተብሎ መስመሩ ሲለጠጥ በቃላቱ መካከል ሰፋፊ ባዶ ቦታ ይፈጠራል። ጠባብ አምድ ለቋንቋችን አይመችም ባይ ነኝ። የግድ ከሆነም የቀኙ ጠርዝ ሳይስተካከል ይለቀቅ።

ፊደላችንም የራሱ ጠባይ አለው። ቁ እና ቂ የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ቦታ ነው፤ አንዱ ወገቡ ላይ፣ ሌላው እግሩ ሥር ይቀጥላታል። ፊደሉ 7 ነጥብ ሆኖ በፎቶ ኮፒ ሲባዛ ያቺ ቅጥያ ትጠፋለች ወይም ከአጠገቧ ካለው ጋር ትጣበቃለች። ስለዚህ ለዝርዝሩ ከ10 ነጥብ በታች አንወርድም፤ መስመሮቹንም ራቅ ራቅ እናደርጋለን። እንደ ላቲኑ ትልቅና ትንሽ ፊደልም የለንም፤ ርዕስ ከዝርዝሩ ጎልቶ የሚታየው በመጠኑ፣ በውፍረቱና በዙሪያው በተተወው ባዶ ቦታ ነው። ልጆች ያሰምሩበታል፣ ጥላ ይጨምሩበታል፣ ሳጥን ውስጥ ይከቱታል፤ አንዳንዴ ሦስቱንም በአንድ ርዕስ ላይ። አንዱን ምረጡ እላቸዋለሁ።

ስለ ፎቶ ብዙ አልልም። የሰልፍ ሥነ ሥርዓት ፎቶ በፎቶ ኮፒ ሲባዛ ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ይሆናል፤ ሁለት ሦስት ሰው ከቅርብ ይነሳ፣ ከሥሩም ስማቸው ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፍ።

ከባዱ ማሳጠሩ ነው። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ከቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ጋር ያደረገችውን ቃለ ምልልስ ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፋ መጣች። ቦታ የተገኘላት አንድ አምድ ብቻ ነበር። ስትቀንስ፣ ስትቀንስ፣ መሀል ላይ ተቀብራ የነበረች አንዲት ነገር ብቅ አለች፤ ቤተ መጻሕፍቱ ተማሪ በሚመቸው በምሳ ሰዓት ይዘጋል። ያ ሐሳብ የፊት ገጹ መሪ ዜና ሆነ። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ የጓደኞቿን ጽሑፍ ስታርም መጀመሪያ የምትጠይቀው «ዋናው ነገር የቱ ጋ ነው?» ብላ ነው።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተጀመረው አእምሮ ጋዜጣም መጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ ነበር የሚሰራጨው። ክበብ የምትመሩ መምህራን፣ ኮምፒዩተር እስኪገዛ ልጆቹን አታስጠብቁ። ወረቀት፣ እርሳስና ማስመሪያ ይዛችሁ ግቡ፤ ለፊት ገጹ የሚሆነውን ዜና ግን ራሳቸው ይምረጡ።