በጉሮሮ ላይ የሚታዩ ነጭ ነጠብጣቦች

ጉሮሮው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያየ ሰው ኮቪድ-19 የያዘው ሊመስለው ይችላል። ነጠብጣቡ ግን የበሽታው መለያ ምልክት አይደለም፤ ኮቪድ-19 መኖሩ የሚረጋገጠው በምርመራ ነው። የነጠብጣቡ መንስኤ አብዛኛውን ጊዜ የቶንሲል ሕመም ነው።

በቫይረስ የመጣ የቶንሲል ሕመም በእረፍትና ፈሳሽ በብዛት በመውሰድ ይሻላል፤ አንቲባዮቲክ አይጠቅመውም። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ያመጣው ሕመም ግን፣ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ፣ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ትኩሳቱ ድንገተኛ ነው፤ መዋጥ ያስቸግራል፤ የአንገት ንፍፊት ያብጣል፤ ሳል እምብዛም አይኖርም። ሳይታከም ከቀረ ከ2 እስከ 3 ሳምንታት በኋላ የሩማቲክ ትኩሳት ሊያስከትልና የልብን ቫልቭ ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። ሕክምናው በጤና ባለሙያ ትእዛዝ አንድ ጊዜ የሚሰጥ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ወይም ለ10 ቀናት የሚወሰድ አሞክሲሲሊን ነው። ልጁ በ3ኛው ቀን ተሽሎት መጫወት ቢጀምርም መድኃኒቱ አይቋረጥም። በየአካባቢው የሚዘወተረው እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ሕመሙን አያድንም፤ ይልቁንም ለደም መፍሰስና ለተጨማሪ ኢንፌክሽን ያጋልጣል።

ምላስንና ላንቃን የሸፈነ፣ ሲጠረግ የሚነሣ ነጭ ሽፋን ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል በጸረ ፈንገስ መድኃኒት ይታከማል። መተንፈስ የተቸገረ ወይም ምራቁን መዋጥ ያቃተው ሕመምተኛ በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።