ካሴት፦ ጥበብን አስፋፍቶ ከያኒውን ያከሰረ ፈጠራ

በአማርኛ «እገሌ አዲስ ካሴት አወጣ» ሲባል ሰሚው የሚረዳው ሙሉ የዘፈን ስብስብ ለገበያ መቅረቡን ነው። የዕቃው ስም የኪነ ጥበቡ ሥራ መጠሪያ ሆነ፤ ሲዲ መጥቶም እንኳ አባባሉ ብዙ ጊዜ ቆየ። አንድ ትንሽ የፕላስቲክ ሣጥን በቋንቋ ላይ ይህን ያህል አሻራ የተወው ቴክኖሎጂ፣ ንግድና ጥበብ ማንም ባላቀደው መንገድ ስለ ተገናኙበት ነው።

ካሴት በፊሊፕስ ኩባንያ መሐንዲስ ሉ ኦተንስና በባልደረቦቹ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1963 በበርሊን ዐውደ ርእይ ለሕዝብ ቀረበ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የድምፁ ጥራት ለንግግር እንጂ ለሙዚቃ እምብዛም አይበቃም ነበር። ይሁንና ኩባንያው ሌሎች አምራቾች ንድፉን ያለ ክፍያ እንዲጠቀሙበት በመፍቀዱ ካሴቱም ማጫወቻውም በአጭር ጊዜ ዓለምን አዳረሱ።

በኢትዮጵያ ከካሴት በፊት የነገሠው ሸክላ ነበር። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲመሠርት ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት ውሳኔ ለአገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። ወጣቱ ነጋዴ ክልከላውን ደፍሮ የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎች በህንድ አሳትሞ አስመጣ። ሸክላ ማተም ግን ከባድ መሣሪያና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ የትንሿ ሸክላ አንድ ገጽም ከጥቂት ደቂቃዎች የበለጠ ሙዚቃ አይዝም።

ካሴት ሁለቱንም ችግሮች አቃለለ። ባለ 60 ደቂቃው ካሴት በየገጹ 30 ደቂቃ ስለሚይዝ ድምፃዊው በርካታ ዘፈኖችን በአንድ ሥራ አሰባስቦ ማቅረብ ቻለ። ማባዛቱም ፋብሪካ አላስፈለገውም፤ ጥቂት መቅጃዎች ያሉት ሙዚቃ ቤት በጓዳው ሊያከናውነው ይችላል። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ገደብ የምሽቱን ሕይወት ሲያቀዛቅዘው ካሴት ሙዚቃውን ወደየቤቱና ወደየመኪናው አስገባው።

በመካከለኛው ምሥራቅም ተመሳሳይ ለውጥ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ የሄዱ ግብፃውያን ወደ አገራቸው ሲመለሱ ቴፕ ሪከርደር ይዘው መግባታቸው የተለመደ ነበር። በባዕድ አገር የሚኖሩ ሠራተኞች ድምፃቸውን በካሴት ቀድተው እንደ ደብዳቤ ለቤተሰብ ይልኩ ነበር። ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ ወላጆች ይህ ታላቅ ጸጋ ነበር።

ሆኖም ማባዛትን ያቀለለው ይኸው ጠባይ የከያኒው ጉዳት ምንጭም ሆነ። ባለ ሁለት በር ቴፕ ያለው ሰው ሁሉ አባዢ ሊሆን ቻለ። አንዱ ገዝቶ አሥሩ ሲቀዱ ከአሥሩ ቅጂ ለገጣሚው፣ ለዜማ ደራሲውና ለድምፃዊው የሚደርስ ገንዘብ አልነበረም። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው ካሴት ገበያውን ለረጅም ዓመታት ከገዛ በኋላ ነው።

የኃይሉ መርጊያ ታሪክ የነገሩን ሁለት ገጽታ ያሳያል። የዋልያስ ባንድ የኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር ለሥራ ወደ አሜሪካ ሄዶ በዚያው ቀረ። በ1985 በዋሽንግተን አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ኪቦርድና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕዶ አንድ ካሴት አሳተመ። ከዚያ በኋላ በታክሲ ሾፌርነት እየሠራ፣ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዱን እያወጣ ይለማመድ ነበር። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ አሳታሚ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ ገዝቶ፣ ባለሥራውን አፈላልጎና ከእርሱ ጋር ተስማምቶ በ2013 እንደገና አሳተመው። ኃይሉ ወደ ዓለም መድረኮች ተመለሰ፤ በ2018ም አዲስ አልበም አወጣ።

ሙዚቃውን ለብዙ ዓመታት ጠብቆ ያቆየው ርካሹ ፕላስቲክ ነው። ለከያኒው ተገቢውን ድርሻ ያስገኘለት ግን አሳታሚው ባለመብቱን ፈልጎ መዋዋሉ ነው። ቴክኖሎጂ የማባዛትን ዋጋ ያወርዳል፤ ገቢው ለማን ይድረስ የሚለውን ጥያቄ የሚመልሱት ሕግ፣ ውልና የአድማጭ ሥነ ምግባር ናቸው።

ዛሬ የካሴትን ቦታ ስልክ ወስዶታል። ከአገሩ ርቆ የሚሠራ ሰው የናፈቀውን ዘፈን በቅጽበት ያገኛል፤ በቅጽበትም ለወዳጁ ያስተላልፋል። ጥያቄው ግን አልተለወጠም። ዘፈኑን ድምፃዊው ወይም አሳታሚው ራሱ ከከፈተው ገጽ ማዳመጥና ለሌሎችም ያንኑ አድራሻ መላክ ቀላል ነገር ነው፤ ለዘፈኑ ባለቤት ግን በካሴት ዘመን የቀረበትን ድርሻ ሊያስገኝለት ይችላል።